አባባ አላኮረፈህም

ለምናፍቅህ ወንድሜ ወንድዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው፣ ብርዱ፣ የሰዉ ጠባይ እንዴት ይዞሃል? እናንተ ዘንድ አሁን የብርዱ ወቅት ሊገባ ነው ይላሉ፤ ያ አምና የጣለህ ሳል ተመልሶ እንዳይዝህ ደረትህን ሸፍነህ ውጣ። ደብዳቤ ሲጻፍ «ካንተ ናፍቆት በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን» ይባላል። እኔም እንዲያ ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ከናፍቆቱ ሌላ የምነግርህ አለኝ።

ባለፈው በስልክ «አባባ አሁንም አኩርፎኛል፤ ድምፄን መስማት ካልፈለገ ሁለተኛ አልደውልም» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። አኩራፊነትህን ከማን እንደወረስከው ስለማውቅ አልተቀየምኩህም። ግን ተሳስተሃል፣ ወንድሜ። አባባ አላኮረፈህም። መናገር አቅቶት ነው። መጋቢት ላይ ስትሮክ መታው፤ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፣ አንደበቱም ተዘግቷል። «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ ተኝቷል፣ ገላውን እየታጠበ ነው» ስንልህ የከረምነው ሁሉ ውሸት ነው። ቁጭ በልና ከመጀመሪያው ልንገርህ።

የከለከለችን እማዬ ናት። «በሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ማን ያጽናናዋል? ማን ውሃ ያቀብለዋል?» ብላ በማርያም አስማለችን። መሐላዬን ማፍረሴ ነው፤ ንስሐውን እኔ እገባለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ ደግሞ ከጀመርኩት አልጨርሰውም። ስለዚህ እሷ እንዳታየኝ እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ እኔ ቤት ተቀምጬ እየጻፍኩ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ፈየራ ወደ እናንተ ስለሚመጣ በእጅህ ይሰጥሃል።

የልቡን ነገር ግማሹን ታውቀዋለህ፤ ቀዶ ጥገናውን እንኳ የነገርንህ ከዳነ በኋላ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ዳገቱ ላይ እየደጋገመ ይቆም ነበር። ምነው ስንለው «ሰው ሰላም እያልኩ ነው» ይለናል፤ ሰላም የሚባል ሰው በመንገዱ ሳይኖር። አንድ ቀን የታክሲ ሰልፍ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሐኪሞቹ ደም ከልቡ የሚወጣበት ቫልቭ ደርቆ ጠቧል፣ ካልተቀየረ አይቆይም አሉን።

ተራው ሲደርስ መጀመሪያ የላኩት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው። የበሰበሰ ጥርስ ካለ አዲሱን ቫልቭ ይመርዛል ተባለና ሁለት መንጋጋውን ነቀሉት። አባባ «ልቤን አመመኝ ብል ጥርሴን ነቀሉኝ» እያለ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀ። ደም የሚሰጥ ሰው አምጡ ሲባል የድሮ የፋብሪካ ጓደኞቹ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ጋሽ ሶሬሳም እጅጌያቸውን ሰብስበው ተሰልፈው ነበር፤ «ዕድሜዎ አልፏል» ሲሏቸው ተቆጥተው ሳይሰናበቱን ሄዱ።

ወደ ቀዶ ጥገናው ሊያስገቡት ሲሉ ማተብህን አውልቅ አሉት፤ እምቢ አለ። ነርሷ ደግ ሴት ናት፣ ከአንገቱ ፈታ እጁ ላይ አሰረችለት። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሮ አንተን አነሳ። «አሁን ባናግረው ሞትን ፈርቶ ታረቀኝ ይላል። ስድን በሙሉ ድምፄ ነው የማናግረው» አለኝ። ሳትሰናበተው በመሄድህ አራት ዓመት ሙሉ የያዘብህ ቂም እዚያ አልጋ ላይ ሲያልቅ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወንድዬ።

ደረቱን ከፍተው የብረት ቫልቭ አስገቡለት፤ በሰላምም ወጣ። በመጀመሪያው ሰሞን ሳል ሲመጣበት ስፌቱ እንዳይላቀቅ ትራስ ደረቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ያቅፋል፣ እንባውም ይወርዳል። ክንዱን ከፍ እንዳያደርግ ስለተከለከለ እማዬ ሸሚዙን እንደ ሕፃን ታለብሰው ነበር። እያደር በረታ። መጀመሪያ እስከ በር፣ ከዚያ እስከ ሱቁ፣ በኋላም ያን ዳገት ሳይቆም ወጣው። ቫልቩ ድምፅ አለው፤ እንደ እጅ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። መብራት ጠፍቶ ቴሌቪዥኑ ጸጥ ሲል ሁላችንም እንሰማዋለን። «ፋብሪካው ጡረታ አውጥቶኝ፣ ማሽኑ ተከትሎኝ ደረቴ ውስጥ ገባ» ይል ነበር።

አንተን ሳነሳበት «ለፋሲካ» አለኝ። «ለፋሲካ እናወራለን፤ ምን እንደምለው አስቤ ጨርሻለሁ።» ምን እንደሆነ ብለምነው አልነገረኝም። «ያንቺ አይደለም፣ የእሱ ነው» አለ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። የንስሐ አባታችን «ዘንድሮ አትጹም፣ ሕመምተኛ ነህ» ብለውት ነበር፤ እሱ ግን «ከሞት የተመለስኩት ልበላ ነው?» ብሎ አሻፈረኝ አለ። እማዬም ጨውና ቅባት መከልከሉን ስለምታውቅ፣ ከሁሉ ይሻላል ያለችውን አቀረበችለት። ከጓሮዋ እየቀነጠሰች በየቀኑ ጎመን፤ «ጎመን በጤና» እያለች። ከሆስፒታል ስንወጣ፣ ቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋ የሚውጠው ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ጎመን ሲበዛበት እንደሚደክም ነግረውናል። ግን የዚያን ቀን ስለ ቁስሉ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ሸክም ያልነገሩን የለም፤ የጎመኑን በአንድ ጆሯችን ሰምተን በሌላው አፈሰስነው። ጎመን ሰው ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል? የመድኃኒቱ ልክ የሚታይበትን የደም ምርመራም አባባ «ደህና ነኝ፣ ከበዓል በኋላ እሄዳለሁ» ብሎ ዘለለው፤ እኛም እሺ አልነው።

በደብረ ዘይት ሰሞን ከቅዳሴ መልስ ገበታ ቀረበለት። አንድ ጎረሰና «ጨው አንሶታል» አላት። እማዬ «እኔን ምን አድርግ ትለኛለህ፣ ሐኪሞችህን ተቆጣ» እያለች ውሃ ልታቀርብለት ዞር ብላ ስትመለስ፣ እጁ ትሪው ላይ ወድቋል፣ አፉም ተጣሟል። እስከ ዛሬ ድረስ አባታችን የተናገረው የመጨረሻ ቃል ያ ነው። ስለ ጨው ነው።

ቫልቩ ላይ የረጋ ደም ተነስቶ ጭንቅላቱ ውስጥ ገባ አሉን። ሐኪሟ ምን ይበላ እንደነበር ጠየቁ። «ጎመን» ብዬ በእማዬ ፈንታ እኔ መለስኩ። «ምርመራውም ተዘሏል፣ ጎመኑ ብቻ ነው አይባልም» ብለው ሊያጽናኗት ሞከሩ። ቤት እንደገባች ነጠላዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጓሮ ወጣችና ያን ሁሉ ጎመን በእጇ ነቅላ ጨረሰችው። «በእጄ ገደልኩት» ትላለች። እማዬ፣ አልሞተም እኮ ስላት አትሰማኝም። ሐኪሟ በኋላ ጎመን ጨርሶ አይከልከል፣ ትንሽ ትንሽ፣ ሁልጊዜ እኩል ይሁን ብለዋታል፤ ጓሮው ግን እስካሁን ባዶ መሬት ነው።

የፋሲካ ዕለት ዶሮው ቀርቦ እሷ አልቀምስም ብላ ጥግ ተቀመጠች። አባባ በግራ እጁ ጠቀለለና ወደ እሷ ዘረጋ። ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ የቀረውን አጎረሳት። አለቀሰች፣ በላችም። አንተ የደወልከው ልክ በዚያች ሰዓት ነበር። «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል» ያልኩህ እኔ ነኝ። እሱ ስልኩን እያየ ነበር።

አሁን መድኃኒቱ ተስተካክሏል፣ ምርመራውንም አንዘልም። እግሩ በመጠኑ እየተመለሰለት ነው፤ ተደግፎ እስከ በር ይወጣል። አንደበቱ ይመለስ አይመለስ ግን የሚያውቅ የለም። ሰው የሚለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋልም።

ባለፈው እሁድ መብራት ጠፍቶ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ቀጭ ቀጩ እኩል እኩል ይሰማኛል። «ወንድዬ ደውሎ ነበር፤ ያኮረፍከው መስሎታል» አልኩት። ፊቱ አልተለወጠም፤ ፊቱ እንደ ድሮው አይደለም። ድምፁ ግን ፈጠነ። ደንግጬ ወሬ ለወጥኩ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ታክሲው ሳወራ ረገበ። ስምህን ደግሜ ጠራሁ። እንደገና ፈጠነ።

ስለዚህ ይህ እንደደረሰህ እሁድ ከሰዓት ደውል፤ እነ እማዬ ዘንድ ነኝ። እማዬ አንስታ ተኝቷል ብትልህ አትከራከራት፣ «የሺን አገናኚኝ» ብቻ በላት። ስልኩን ጆሮው ላይ አደርግልሃለሁ። ይቅርታም ከሆነ ይቅርታ፣ ስለ ሥራህም ከሆነ ስለ ሥራህ፣ ያሻህን አውራው። መልስ አትጠብቅ። ስትጨርስ ስልኩን ከደረቱ አስጠጋዋለሁ፤ ያን ጊዜ አንተ ዝም በልና አድምጥ። ና አልልህም፣ መንገዱ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ደውል ነው የምልህ።

ባለቤቴ ሙሉአለም «አይዞህ፣ እኛ አለን» ይልሃል። ልጃችን ሮዳስ ፊደል ቆጥራ ጨርሳለች፤ አጎቴን በፎቶ ሳይሆን በአካል አሳዩኝ እያለች ታስቸግረኛለች። ጋሽ ሶሬሳ በየቀኑ መጥተው አባባን ደግፈው እስከ በር ያወጡታል፣ አንተንም ሳይጠይቁ ቀርተው አያውቁም። አብሮህ ለሚኖረው ለሻፊ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ይህን ስታነብ ከአጠገብህ አይራቅ። እማዬ መጻፌን ስለማታውቅ ሰላምታ አልላከችም፤ ብታውቅማ ጉንጭህን አገላብጣ ትስምህ ነበር። የአባባን ሰላምታ ግን እኔ አልጽፈውም። ስትደውል ራስህ ትሰማዋለህ።

እህትህ የሺሐረግ ካሳሁን
ቱሉ ዲምቱ፣ አቃቂ ቃሊቲ
ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.