ቱቦው ከእማዬ አልጋ ስር

እትዬ፣

እማዬ ትንፋሽ አጥሯት ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው። ጎረቤታችን ሹፌሩ መኪናውን አስነስቶ በር ላይ እየጠበቀን ነው።

የልብስ ማድረቂያውን እንዳታበሪው። ከሆቴሉ አምጥተሽ ያጠብሽውን እርጥብ አንሶላ ደጅ አስጪው። የማድረቂያውን የሙቅ አየር ማስወጫ ቱቦ ከአልጋዋ ስር ጎትቼ አውጥቼዋለሁ፤ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ መልሺው። ብናኝ እንዲይዝ ጫፉ ላይ ያሰርሽው ስቶኪንግ በልብስ ብናኝ ተደፍኗል፤ እሳት ለመሆን ምንም አልቀረውም።

"ሙቀቱ ለመንገደኛ ከሚባክን የእማዬን እግር ያሙቅ" ያልሽ ጊዜ እኔም ደግ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ግን ከልብሱ በእንፋሎት የወጣው ውሃ የት ይሄዳል? ዛሬ አልጋውን ሳንቀሳቅሰው ግድግዳው ከራስጌዋ እስከ ጥጉ ድረስ በሻጋታ ጠቁሯል። ስታጸጂው አፍንጫሽን ሸፍኚ።

ባለፈው ሐኪሙ "ቤታችሁ እርጥበት አለው ወይ?" ሲለን፣ "ኧረ የኛ ቤትማ ደረቅ ነው፤ ማድረቂያ ማሽን አለን እኮ!" ብለሽ ቀድመሽኝ መለስሽለት። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ ስለ ሳንባዋ የነገረኝን እዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም።

ትናንት የጮህኩብሽ በማሽኑ ብቻ ተናድጄ አልነበረም።

እማዬ ጫማዋን ሳጠልቅላት እጄን ይዛ "እህትሽ እንዳትሰማ፤ ለኔ ብላ ነው ያደረገችው" አለችኝ። እሺ ብያት ነበር።

ይኸው ጻፍኩልሽ።

ፍራሹ ከስሩ በስብሷል። አውጥተሽ ጣይው።

ሌላ ለመግዛት ግን አትቸኩዪ።