አባባ ያሳለፏት ስንኝ

እሑድ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር

አባባ ዛሬ ከደቅ ደሴት በጀልባ መጡ፤ አብሯቸው የሚኖረው ወንድሜ ሙሉቀንም ተከትሏቸዋል። ገና ሳይቀመጡ «እስቲ የመስቀል ለት የተቀኘሁትን አንብቢልኝ» አሉኝ።

ቅኔያቸውን ሦስት ዓመት ሙሉ ማርክዳውን በሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል የጻፍሁት እኔ ነኝ። ልጽፍላቸው ደቅ ስሄድ ኔትወርክ አይገኝም ብዬ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የማስታወሻ ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ የጫንሁትም እኔው ነኝ። ዛሬ ስከፍተው ባዶ! ለካ ትናንት ፎልደሩን ወደ ሌላ ቦታ ሳዛውር አዲሱን ቦታ ለፕሮግራሙ አላሳየሁትም።

እኔ ፎልደር ስፈልግ ሙሉቀን ቅኔውን በቃሉ ያንበለብለው ጀመር። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔን ማን ያስታውሰኝ?

ፎልደሩን አግኝቼ ከፈትሁት፤ ሁሉም ተመለሰ። ሙሉቀን ገና አልጨረሰም ነበርና ከጽሑፉ ጋር እያየሁ ሰማሁት። አንዷን ስንኝ ዘለላት!

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። አባባ የቅኔ መምህር ናቸው፤ አንዲት ቃል ለሳተ ተማሪ ምሕረት የላቸውም። እኔንም በልጅነቴ ስንቴ እያስለቀሱ ከመጀመሪያው አስጀምረውኛል። ጠበቅሁ።

«እሰይ፣ የኔ ልጅ!» አሉት።

ስንኟ ስክሪኑ ላይ እያየችኝ ላፕቶፑን ዘጋሁት።