ተቀመጡ የሚላቸው አጥተው ስለቆሙት ስድስት መቶ ተማሪዎች

ለክቡር አቶ ደመላሽ
የንጋት ወጣቶች አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለወንበርዎ፣ እንዲሁም ከወንበርዎ ጀርባ በመስታወት ውስጥ ለተሰቀሉት ሦስት የምስጋና ምስክር ወረቀቶች ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። የጥቅምት ብርድ ከጮቄ ወርዶ አጥንታችንን መጎብኘት ስለጀመረ፣ ቢሮዎ ውስጥ ያየኋት ማሞቂያ ያለ እረፍት እያገለገለችዎ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ግን ለእርስዎም፣ ከትከሻዎ በላይ አንገታቸውን አስግገው ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለሚያነቡት ወዳጆቼም አንዲት ሐፍረቴን ልናዘዝ። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎች ወደተዘጋጀው ፕሮግራም ዘግይቼ በአዳራሽዎ የኋላ በር ስገባ፣ ነጎድጓድ ባንድ ሙዚቃውን ጀምሯል፤ ስድስት መቶ ተማሪም ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሟል። ይህን ባየሁ ጊዜ ደስታው አላስቀምጥ አለኝና ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፍፌ በአናቴ ላይ እያውለበለብኩ፣ በወንበሮቹ መሐል ባለው መተላለፊያ እየዘለልኩ እስከ መድረኩ ድረስ ወረድኩ። ጉልበቴ ከሠርጌ ቀን ወዲህ እንዲያ ታዞልኝ አያውቅም። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ወንጌላዊት ግን ከአጠገቧ ያለችው ልጅ «ያቺ እናትሽ አይደለች እንዴ?» ስትላት፣ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል በከንፈሯ ጫፍ «ጎረቤታችን ናት» ብላ መለሰች። ይህን ያወራችልኝ የክፍላቸው አለቃ ጀነት ናት፤ አባቷ ሱቅ የመጋረጃ ጨርቅ ልመርጥ ገብቼ ነው የሰማሁት፤ ጀነት ደግሞ ወሬ ላይ ጨምራ አታውቅም።

ነጎድጓድን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስተዋውቅ። የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት አራት ጎረምሶች ያቋቋሙት የከተማችን ብቸኛ የሮክ ባንድ ነው። ጊታሩን እንደ ወፍጮ የሚያስጓራው ጋሽ አንተነህ በሥራ ቀን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ከመሐል አናቱ የሸሸው ፀጉር ማጅራቱ ላይ ተሰብስቦ አሁንም ትከሻው ድረስ ይወርዳል። ድምፃዊው ጌቱ ሮብ ገበያ ባለ ኮርቻ ሰፊ ያሰፋውን ጥቁር የቆዳ ሱሪ እስካሁን ይለብሳል፤ ዝግ ያለ ዘፈን ላይ ከእሱ ድምፅ ይልቅ የሱሪው ሲጥሲጥታ ይሰማል። ባስ ጊታር የሚመታው የጨርቅ ነጋዴው አብዱልቃኒ ነው፤ የጀነት አባት ማለት ነው። ከበሮ መቺው ገብረ ሚካኤል፣ ነፍሱን ይማርና፣ ባለፈው ጳጉሜ ተለየን።

እነዚህ ሰዎች ከተቋቋሙ ጀምሮ ልምምድ የሚያደርጉባትን፣ ከመድረክዎ ጀርባ ያለችውን ክፍል፣ የፊታችን ሰኞ ቁልፏን እንዲያስረክቡ በደብዳቤ አዘዋል። ክፍሏ የፕላስቲክ ወንበር ማስቀመጫ ትሆናለች። ምክንያቱም በደብዳቤዎ አነጋገር «ወጣቱ ትውልድ ከባንዱ ጋር ምንም ዓይነት ትስስር እንደሌለው በጥናት በመረጋገጡ» ነው። እንግዲህ ስለዚህ ጥናት ያለኝን ምስጋና በቁጥር ለይቼ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ፦ ልጆቹን በጥያቄ ስላላደከሙልን እናመሰግናለን። ሌላ ሰው ቢሆን «ባንዱን ትወዱታላችሁ ወይ?» ብሎ በጠየቃቸው ነበር። እርስዎ ግን አንድ ወጣት ባለሙያ «ጨፈረ»፣ «አጨበጨበ» እና «አልተነቃነቀም» የሚሉ ሦስት ዓምዶች ያሉት ቅጽ አስይዘው ላኩልን። ይህ ትጉህ ወንድማችን ቅጹን ፎቶ ኮፒ ሲያስነሣ ስለዘገየ ከእኔ ጋር አብሮ ነው የገባው፤ በሩን የያዝኩለትም እኔ ነኝ። ተቀምጦ አሥራ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ጻፈ። ውጤቱን በኋላ አየሁት። አጨበጨበ፣ የለም። አልተነቃነቀም፣ ስድስት መቶ። ጨፈረ፣ አንድ፤ በቅንፍም «ዕድሜዋ የገፋ ሴት»። ስለ ቅንፏ ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ ስለምጽፍ እዚህ አላነሣትም።

፪ኛ፦ የዚያን ዕለት ራት ላይ ልጄን «ምነው እንደ ግንድ ተገተራችሁ? ትንሽ እንኳ ትከሻችሁ አይነቃነቅም?» ብዬ ወቀስኳት። ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀምጣ እንደ እብድ አየችኝ። «እማዬ፣ የሕሊና ጸሎት ላይ ነበርን እኮ! ተቀመጡ ያለን ሰው የለም!»

ክቡርነትዎ የዚያን ቀን ሥራ በዝቶብዎት ስለነበር ምናልባት ከዘነጉት ላስታውስዎት። እርስዎ ራስዎ ማይክ ይዘው «የባንዱን ከበሮ መቺ ነፍስ ኄር ገብረ ሚካኤልን ለአንድ ደቂቃ በሕሊና ጸሎት እናስበው» አሉ፤ ልጆቹም ተነሡ። ወዲያው የክብር እንግዳው መኪና በር ላይ መድረሱን በጆሮዎ ሹክ ሲሉዎት ማይኩን ወንበር ላይ አስቀምጠው ወጡ፤ መምህራኑም ለአቀባበል ይሰለፉ ስለተባሉ ተከትለውዎት ወጡ። እንግዳው ግን አማኑኤል ከተማ ሌላ የምረቃ ፕሮግራም ስለነበረባቸው ከመኪናቸው እንኳ አልወረዱም። በመኪናው መስኮት በኩል የተደረገው ሰላምታ ብቻ አሥራ ሰባት ደቂቃ መፍጀቱን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ነግረውኛል። እንዲህ ያለ ፍቅር መቼም ያስቀናል።

ጋሽ አንተነህ ሰዓቱን አይቶ አንዷ ደቂቃ ስትሞላ፣ ፕሮግራሙ ላይ ቀጥሎ የተጻፈው «ሙዚቃ» ስለሆነ ክሩን መታው። ልጆቹ ግን በየማለዳው ሰንደቅ ዓላማ ሥር እጅን አጣምሮ፣ አንገትን ዝቅ አድርጎ መቆምን ያስተማርናቸው የእኛው ልጆች ናቸው። ተቀመጡ ካልተባሉ አይቀመጡም። ልጄ እንደምትለው ሁለተኛው ዘፈን ላይ አምደሚካኤል የሚባለው የክፍላቸው ልጅ አንድ ጉልበቱ ለብቻው ከምቱ ጋር መወዛወዝ ጀምሮት ነበር፤ ጀነት «ሰው ሞቶብን ነው እኮ፣ አታፍርም!» ብላ በክርኗ ጎሸም ስታደርገው ተወው። እኔ እንግዲህ በዚያ ሁሉ ሐዘንተኛ መሐል ነው ነጠላዬን ሳውለበልብ የነበርኩት። በልጄ ቦታ ብሆን ኖሮ እኔም ያቺን ሴት ጎረቤት እንኳ አላደርጋትም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ልጆች ገብረ ሚካኤልን በከበሮው አያውቁትም። የሚያውቁት ከትምህርት ቤታቸው አጥር ሥር ተቀምጦ የተቀደደ ኳስ ሲሰፋ ነው። ሰፍቶ ሲጨርስ ኳሱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት ጣቱ አንድ ምት ይመታበታል፤ ያቺን ምት ደግሞ የሰማ ልጅ ካልደገመ ኳሱን አይመልስለትም ነበር። ጋሽ አንተነህ ስለ ሐሙስ ስጠይቀው ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ለገብሬ ብለው ነው የቆሙት ብዬ እያነባሁ ነው የመታሁት፤ በዕድሜዬ እንዲያ ያለ ተመልካች አላየሁም» አለኝ። ይህን ደብዳቤ ሲያነብ ተቀመጡ የሚላቸው አጥተው እንደነበር ይረዳል፤ ለማን እንደቆሙ ግን አልተሳሳተም።

፫ኛ፦ ያ ደብዳቤዎ በደረሰ ማግስት ወንጌላዊትንና ጀነትን ይዤ ቢሮዎ ስመጣ ስላደረጉልን መስተንግዶ ከልብ አመሰግናለሁ። ገና እንደገባን «ተቀመጡ» አሉን። ቃሉን እንደሚያውቁት ያረጋገጥነው ያን ጊዜ ነው። ነገሩን ከሥሩ ስናስረዳዎም በትዕግሥት አዳምጠው «ወይዘሮ የኔአለም፣ እውነትዎን ሊሆን ይችላል፤ ግን እኮ የውሳኔው ቃለ ጉባኤ ማኅተም አርፎበታል» አሉኝ። ጀነት እጇን እንደ ክፍል ውስጥ አውጥታ «ጋሼ፣ ይኸው እዚሁ ነን፤ አሁን ይጠይቁን» ስትልዎም፣ ፈገግ ብለው «የኔ ልጅ፣ ጥናቱ ተዘግቷል» አሏት። ልጆቹ ከቢሮዎ ወጥተው ደረጃው ላይ ሲደርሱ ምን እንዳሉ ለክብርዎ ስል አልጽፈውም።

፬ኛ፦ ጥናትዎ ስለተዘጋ እኔ የራሴን ከፈትኩ፤ ማኅተም ስለሌለኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ያገኘኋቸውን አሥራ አንድ ልጆች አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። እውነቱን ልንገርዎ፤ ሰባቱ ነጎድጓድን አይወዱትም። አንዱ «አሥራ አንድ ደቂቃ ጊታር ብቻ? እኔ እስከዚያ አርባ ቪዲዮ እጨርሳለሁ» አለኝ። አንዷ ቤታቸው ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር አባቷ «ይሄ ሲወጣ እኔ እኮ…» ብሎ ስለሚጀምር ዘፈኑ መጨረሻው ምን እንደሚል እስከ ዛሬ ሰምታ አታውቅም። የጀነት ደግሞ የባሰ ነው፦ «ሙዚቃው ምንም አይልም፤ አባዬ ባስ ሲመታ ከንፈሩን እንዲህ የሚያጣምመው ነገር ግን… እማማ የኔአለም፣ በአላህ፣ እርስዎ ቢሆኑ ያስችልዎታል?» ብላ አሳየችኝ። እውነቷን ነው፣ አያስችልም። («እማማ» ያለችኝንም ከቅንፏ ጋር ደምሬ ይዤባታለሁ።)

የቀሩት አራቱ ይወዱታል። ያ ጉልበቱ ያልታዘዘለት አምደሚካኤል «እኔ ቤት ስጮህ ምን ሆነሃል ይሉኛል፤ ጋሽ ጌቱ ሲጮህ ግን ያጨበጭቡለታል» አለኝ፤ ስለ ሮክ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ሰምቼ አላውቅም። ከአራቱ አንዷ ደግሞ የገዛ ልጄ ሆና ተገኘች። ቅዳሜ ቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት እያለችኝ የምትሄደው ወደዚያች ክፍል ኖሯል። የገብሬ ከበሮ እዚያው ነው ያለው፤ ጋሽ አንተነህ ባዶ ወንበሩን ማየት ስላቃተው፣ ያቺን የኳሷን ምት የሚያውቅ ልጅ ሁሉ በተራ እንዲቀመጥበት ፈቅዷል። ከጳጉሜ ወዲህ በየቅዳሜው አሥር አሥራ አምስት ልጅ በአምፕሊፋየር ሣጥን ላይ ተደርድሮ ተራውን ይጠብቃል። ሰኞ የሚዘጉት እንግዲህ ይህን ነው። ከበሮው የት እንደሚሄድ ጋሽ አንተነህን ብጠይቀው ጠጋ ብሎ የአንድ ቴሌቪዥን ጀርባ መፍታት ጀመረ።

ክቡር ሆይ፣ ባንዱን ማስወጣት ከፈለጉ ሰባት የማይወዱት ልጆች በእጅዎ ነበሩልዎት፤ ሐቀኛ ምክንያት ደጅዎ ቆሞ ሳለ ለሐሰቱ ሲሉ ማኅተምዎን ለምን እንዳደከሙት አልገባኝም። የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ያንን ቃለ ጉባኤ ይሻሩትና ቅዳሜ ከሰዓት ያለ ቅጽና ያለ የክብር እንግዳ ብቅ ብለው ከሣጥኖቹ በአንዱ ላይ ይቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሚወስኑትን ውሳኔ፣ ቢመረኝም፣ እቀበላለሁ።

የአዳራሽዎ ጣሪያ እንዳያፈስ፣ የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ፣ የሚጠብቋቸው እንግዶችም አንድ ቀን ከመኪናቸው እንዲወርዱልዎ ዘወትር የምትመኝልዎ፣ በቅጽዎ ላይ «ጨፈረ» ከሚለው ዓምድ ሥር ብቻዋን የሰፈረችው፣

አክባሪዎ
የኔአለም ሙላት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ልልክ ስል ጀነት ቤቴ መጥታ አንድ መልእክት እንዳደርስልዎ አደራ ብላኛለች። ሰኞ ጠዋት ቁልፉ በሚረከብበት ሰዓት ተማሪዎቹ ቢሮዎ ደጅ መጥተው እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይቆማሉ። አይጮኹም፤ መፈክርም አይዙም። የማይወዱት ሰባቱም ይመጣሉ። «ባንዱን አንወደውም፤ ያላልነውን ብለዋል ተብሎ መጻፉን ግን ከባንዱም ይበልጥ አንወደውም» ብላለች። አንድ ሰው ወጥቶ «እናመሰግናለን፣ ተቀመጡ» እስኪላቸው ድረስ አይንቀሳቀሱም፤ እንዲህ መቆምን ደግሞ እርስዎም እኔም አሳምረን አስተምረናቸዋል። እኔም ሰዓቴን ይዤ ጥግ ላይ እቆማለሁ፤ ስንት ደቂቃ እንደፈጀብዎ በዚሁ ገጽ ላይ አንድም ሳላጎድል እጽፈዋለሁ። ነጠላዬን በዚህኛው ቀን ከትከሻዬ እንደማላወርድ ለልጄ ቃል ገብቻለሁ።