ለጎልፍ ክለቡ የተላኩ ሽማግሌዎች

ይድረስ ለእህቴ ለሂሩት፦ ጉልበትሽ እንደ ምላስሽ በርትቶልሻል ወይ? እኛ፣ ቦርጬም ጭምር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ልጅሽ ዶክተር ቃልኪዳን እዚህ የነጭ ሀብታሞች ሰፈር አፐር አርሊንግተን ያለ የጎልፍ ክለብ አባል ልሁን ብላ አመልክታ ነበር። አብረዋት የሚሠሩት ነጭ ወንዶች ወዲያው ገቡ፤ እሷን «ለክለባችን አትስማማም» አሏት። እኔም ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ጎረቤቴን ጀማነህን አስከትዬ ለሽምግልና ሄድኩ። ገና «ልጃችንን ተቀበሉን» ልል ስል ሰብሳቢው «ሥራ ፈላጊ በጓሮ በር ነው» አለን።

«ጋሼ፣ ሙሽራው እኛንም አልወደደንም» ብሎ ጀማነህ አሳቀኝ።

ለቃልኪዳን ስነግራት ግን አልሳቀችም። «ኢትስ ኦኬ፣ ጋሼ» ብላ ሳህኗን ሳትነካ ተነሳች።

እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ መኪናዋን ክለቡ አጥር ሥር አየኋት። ሜዳው በረዶ ለብሷል፤ የሚጫወት ሰው የለም። እሷ ሞተሩን አጥፍታ ሜዳውን ታያለች። መስኮቱን ደጋግሜ ባንኳኳም ዞር አላለችም። ያለፈው እሁድም እዚያው ነበረች።

ለፋሲካ እመጣለሁ ያልሽውን ለጥምቀት አድርጊው። የሚቆጣኝ ሰው ናፍቆኝ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም። መንገድሽን ያቅናልሽ።

ወንድምሽ አንድርያስ