«እጄን እንዳታልፊው»፦ የቶርፊ ሃልቫርድሶን የሕይወት ታሪክ

ወገኖቼ፣ ኑ ተቀመጡ። በር ላይ የቆማችሁም፣ ከዋና ከተማው ከሬይኪያቪክ ተራራውን አቋርጣችሁ የመጣችሁ መካኒኮችም ግቡ። ፊት ለፊት ቦታ አለ፤ የሚቆጣችሁ የለም። እኔ የሟቹ ታላቅ እህት ራግና ነኝ። ትምህርቴ ከዚህ ከሴልፊዮርድ ትምህርት ቤት አላለፈም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ቢላዋ ይዤ ነው። ስለዚህ አጻጻፌን ታገሡኝ። በአገራችን ሁሉም ሰው «አንተ» ተብሎ በስሙ ነው የሚጠራው፤ ዛሬ ግን ወንድሜን «እሳቸው» እላቸዋለሁ። ቢሰሙኝ ኖሮ «ራግና፣ ምን ነካሽ?» ብለው በሳቁብኝ ነበር።

ቶርፊ ሃልቫርድሶን ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከሃልቫርዱርና ከእናታቸው ከሄርዲስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1949 እዚሁ ሴልፊዮርድ ውስጥ ተወለዱ። ያኔ ሄስታስካርድ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ በረዶ ከጣለበት እስከ ጸደይ ድረስ ማንም ወደ እኛ አይመጣም፣ ከእኛም ማንም አይወጣም ነበር። የታመመ ሰው መርከብ ይጠብቃል፤ መርከቡ ደግሞ ነፋሱን ይጠብቃል። በኋላ የፊዮርዱ፣ የዚህ በተራራ የታጠረ የባሕር ወሽመጣችን፣ ሰው ተሰብስቦ በአካፋና በትራክተር ጠጠር ደልድሎ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራ። አባታችንም ዓሣ ማጥመዱን ትተው አንድ በጋ ሙሉ ድንጋይ ሲለቅሙ ከረሙ። ቶርፊ አውሮፕላንን የራሳችን ነገር አድርገው ማየት የጀመሩት ከዚያ ይመስለኛል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ጨርሰው ወደ ሬይኪያቪክ በመሄድ የቴክኒክ ትምህርት ተከታተሉ፤ በ1971 የአውሮፕላን መካኒክነት ፈቃድ አግኝተው ሎዋ አየር መንገድ ተቀጠሩ። በ1975 ከወይዘሮ ሲግኒ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ሴት ልጃቸውን አልፍሩንን በ1977፣ ወንድ ልጃቸውን ስቲርሚርን በ1981 ወለዱ። ስቲርሚርም እንደ አባቱ የሎዋ መካኒክ ሆነ።

ቶርፊ በሎዋ ያላቸው ፍቅር መሳቂያ እስከመሆን ደርሶ ነበር። አልፍሩን ዴንማርክ ስትመረቅ የሎዋ በረራ በጭጋግ ተሰረዘ። ሲግኒ የውጭ አውሮፕላን ተሳፍረው ሄዱ፤ ቶርፊ ግን «የሰው አገር ባንዲራ ጭራው ላይ ባለው አልሄድም» ብለው አየር ማረፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቀሩ። ድግሱ አለቀ። ሲግኒ ደውለው፣ «ኬኩን ላንተ ቆርጬ አስቀምጬልህ ነበር። ባንዲራህ ስለዘገየ እኔው በላሁት» አሏቸው።

በ1996 የሴልፊዮርድ ማረፊያ ኃላፊ ሆነው ከባለቤታቸው ጋር ወደ ትውልድ ቦታቸው ተመለሱ። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት መዋኛው ግቢ ያለው ሙቅ ገንዳ ውስጥ ከእኛ ጋር እስከ አንገታቸው ተነክረው ስለ አየሩ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ሰው ትዳር ያወሩ ነበር። እኛ ዘንድ የሚወሰን ነገር ሁሉ የሚወሰነው እዚያ ገንዳ ውስጥ መሆኑን ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ነገር መጣሁ። ልለፈው ብል ደስ ባለኝ። ነገር ግን ወንድሜ አልጋ ላይ ሳሉ፣ «ራግና፣ ስትጽፊ ትምህርቴን ብታልፊው ግድ የለኝም። እጄን ግን እንዳታልፊው» ብለው አስምለውኛል።

ባንኮቹ ከወደቁ በኋላ፣ በ2009፣ ሎዋ ሊዘጋ ደረሰ። ከውቅያኖስ ማዶ አንድ ባለሀብት ገንዘብ ይዞ መጣ። ሕጋችን ግን ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ሰው ከአንድ አየር መንገድ አክሲዮን ከግማሽ በታች ብቻ ይያዝ ይላል። የሚበልጠው በእኛ ሰዎች እጅ ይሁን፤ የሚያዘውም የእኛው ሰው ይሁን፤ አለዚያ የበረራ ፈቃዱ ይነሳል። የፊዮርዱ ሰውና ሠራተኛው የያዙት አክሲዮን ተደምሮ ግማሹን አልሞላም። ለጎደለው የአንድ ሰው ስም ተፈለገ፤ ገንዘቡን የሚያበድረው ባለሀብቱ ራሱ ነው። ሁሉም ሰው ቶርፊ ይሁኑ አለ።

ቶርፊ እንቢ አሉ። ገንዳው ውስጥ ያሳመነቻቸው የትምህርት ቤታችን መምህርት ኦድኒ ናት፤ ነፍሷን በገነት ያኑርልንና ምላሷ እንደ ምላጭ ነበር።

«እኔ ምኑን አውቄው ነው ኦድኒ? መካኒክ እኮ ነኝ።»

«ሕጉ የሚፈልገው ፓስፖርት ነው፤ እሱ ደግሞ አለህ። ፎቶው ቢያስጠላም።»

«ስሜን አውሼ በኋላ ባፍርስ?»

«አንተ ካለህበት አገሩ አለበት ማለት ነው፤ አለቀ!»

ገንዳው በሙሉ አጨበጨበ፤ ውሃው ዓይናችን ውስጥ እስኪገባ። ባለሀብቱ ስላበደረው ገንዘብ በምላሹ ምን ይፈልግ ይሆን ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

ባለሀብቱ የፈለገውን አውሮፕላን የሚጠገንበት ሃንጋር ውስጥ ለብቻቸው ነገራቸው። «በጉባኤ ላይ ከእኔ ጋር ትቆማለህ?» አላቸው። ቶርፊ ጓንታቸውን አውልቀው እጁን ጨበጡ። በእኛ ዘንድ እጅ ተጨባብጦ የተገባ ውል ከተፈረመ ወረቀት አያንስም። አባታችን ጀልባቸውን የገዙት እንዲሁ ነው፤ ይህ ቤተ ክርስቲያን የቆመበትም መሬት እንዲሁ ነው የተሰጠው። ቶርፊ ሎዋን ያዳኑ መስሏቸው በደስታ ቤታቸው ገቡ።

በ2011 በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ላይ የሴልፊዮርድ በረራ ይቁም የሚል ሐሳብ ቀረበ። የፊዮርዱ ሰው በዚያው በሎዋ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሬይኪያቪክ ወረደ። ቶርፊም አብረውን ነበሩ። እኛ ተረጋግተን ነበር፤ የቶርፊ ድምፅ ከእኛ ጋር ከሆነ እናሸንፋለን። ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። «ይቁም የምትሉ» ሲባል ባለሀብቱ እጁን አወጣ። ከዚያ ቶርፊ ተነሥተው ቆሙና ቀኝ እጃቸውን አወጡ።

ኦድኒ ወንበሯ ላይ እንዳለች፣ «ቶርፊ፣ እጅህን ያነሳው ማነው?» አለች።

ቶርፊ ባለሀብቱን አላመለከቱም። «እጁ የእኔ ነው፣ ኦድኒ» ብለው ተቀመጡ።

በረራው ቆመ። የእሳቸውም ሥራ አብሮ ቀረ። ገንዳው ውስጥ የሰደባቸው ሰው የለም፤ እንዲያውም ቦታ ለቀቁላቸው። ለአራት ሰው የሚበቃውን ያህል ለአንድ ሰው ለቀቁ። ቶርፊ ለጥቂት ሳምንታት በዚያ ስፋት ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው፣ ከዚያ መምጣቱን ተዉ።

ያን ክረምት ኦድኒ ኩላሊቷ ደከመ። በየሁለት ቀኑ አኩሬይሪ ከተማ ባለው ሆስፒታል ደሟ በማሽን መታጠብ ነበረበት። አውሮፕላኑ ቢኖር ጠዋት ሄዳ ማታ ቤቷ ትገባ ነበር። አሁን ግን ሆስፒታሉ አጠገብ ክፍል ተከራይታ ጓሮዋ ያለውን የሩባርብ ተክሏንና ድመቷን ትታ ሄደች። ቶርፊ ይህን ሲሰሙ ትልልቅ ጎማ ያለው አሮጌ መኪና ገዙ። በየሳምንቱ መጨረሻ ሄስታስካርድን አቋርጠው ያመጧታል፤ ደሟ የሚታጠብበት ቀን ሲደርስ ይመልሷታል። ኦድኒ ያለ ነገር አትሳፈርም ነበር። በሩን ከፍተው ሲደግፏት፣ «ዛሬ እጆችህን መሪው ላይ አድርግ። ወደ ላይ ሲወጡ አላምናቸውም» ትላቸዋለች። ቶርፊም «እሺ» ይላሉ። መልሳቸው ይህ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን መተላለፊያው ላይ በረዶ ይዟቸው በረዶ ጠራጊውን መኪና ሲጠብቁ ስለ እጅ መጨባበጡ ነገሯት። ቃል ሰጥቼ ነበር አሉ። ኦድኒም፣ «ታዲያ ይህን ለኔ ለበሽተኛዋ ነግረህ ቀለል ሊልህ ነው?» አለቻቸው። «ቃሉን ስትሰጥ እኛን አልጠየቅከንም። ሂድና መጀመሪያ ከሰውየው መልሰህ ውሰደው፤ ከዚያ ለሚመለከተው ተናገር።»

ቶርፊ በ2013 ወደ ባለሀብቱ ሄደው፣ «እጄን መልሼ ልወስድ መጥቻለሁ» አሉት። ሰውየው አልተቆጣም። ወንበር ሰጣቸውና፣ «ቶርፊ፣ ያን ቀን እንቢ ብትል እኮ ምንም ላደርግህ አልችልም ነበር። ወረቀት የለን፣ ምስክር የለን» አላቸው።

ወንድሜ ይህን ሲነግሩኝ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆመው ነበር፤ ቁጭ በሉ ብላቸው አልተቀመጡም። «ራግና፣ የያዘኝ ሰው አልነበረም። እኔው ነኝ ራሴን የያዝኩት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደኅና እንቅልፍ ተኝተው ያውቃሉ ብዬ አላምንም።

ወደ አቪዬሽን ባለሥልጣኑም ሄደው፣ «አክሲዮኑ በስሜ ነው፤ የሚያዝበት ግን ሌላ ሰው ነው» ብለው ተናገሩ። ምርመራ ተደረገ፤ የሎዋ ፈቃድ ተነሳ። የእኛ በረራ አልተመለሰም። በዚያ ላይ የሬይኪያቪክ መካኒኮች በሙሉ ከሥራ ወጡ። ከእነሱም አንዱ ስቲርሚር ነበር። ልጅ ሊወልዱ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ሚስቱን ይዞ ኖርዌይ፣ ስታቫንገር ተሰደደ። ከመሄዱ በፊት፣ «አባዬ፣ ዝም ስትል የፊዮርዱን አውሮፕላን ወሰድክ፤ ስትናገር ደግሞ የእኛን» አላቸው።

እውነት ተናገሩ ብለው ያመሰገኗቸው ሰዎች ነበሩ። ቶርፊ ግን፣ «ተዉኝ እባካችሁ። ያ እውነት ዘግይቶ ነው የመጣው፤ የወደቀውም እኔ ላይ አይደለም» ይሉ ነበር።

ኦድኒ በ2015 ፌብሩዋሪ ላይ በተከራየችው ክፍል ውስጥ አረፈች። ቤቴ ልሙት ብላ ነበር። ቶርፊ ሊያመጧት ተነሥተው መተላለፊያው ላይ የበረዶ አውሎ ነፋስ አገኛቸው፤ ከጠራጊው መኪና ኋላ ቆመው ሳለ ስልክ ተደወለላቸው። መንገዱ ሲከፈት ሬሳ ሳጥኗን በዚያው መኪና አመጡ። ሁለቱንም እጆቻቸውን መሪው ላይ አድርገው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነሱ።

ከዚያም በኋላ መኪናውን አላቆሙም። ምጥ የያዛትን፣ ዓይኑ የሚታከመውን፣ ልጁን ሊጠይቅ የሚሄደውን ሁሉ በነፃ አመላለሱ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ በዚያ መኪና ያልተሳፈረ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ተሳፍረን፣ አመስግነን፣ ወርደን ቤታችን እንገባለን። እሳቸውም ወደ ገንዳው አይመጡም፣ ኑ ያላቸውም የለም።

በ2022 ዓይናቸው ደክሞ መንዳት አቆሙ። በሚቀጥለው ዓመት የሳንባ ካንሰር ተገኘባቸው። ባለፈው ጃንዋሪ ስቲርሚር ከኖርዌይ መጥቶ በአባቱ መኪና ሆስፒታል አመላለሳቸው። ታረቁ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። አብረው ዝም ሲሉ ግን አይቻለሁ፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ መንገዱን ያያል። አንድ ቀን ሄስታስካርድ ላይ ሲደርሱ ቶርፊ፣ «እዚህ ጋ ማርሽ ቀንስ» አሉት። ስቲርሚርም፣ «አውቃለሁ፣ አባዬ» አለ። ሲግኒ ከኋላ ተቀምጠው አለቀሱ።

ቶርፊ ሃልቫርድሶን በተወለዱ በ74 ዓመታቸው፣ ማርች 14 ቀን 2024፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ሆነው እቤታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሲግኒን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ የደከመች ነፍሳቸውን ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ እዚህ ያላገኙትን እንቅልፍ እዚያ ይስጥልን።

እናንተ መካኒኮች፣ ቂማችሁን ይዛችሁም ቢሆን ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ከቀብር በኋላ ማኅበሩ አዳራሽ ቡናና ፓንኬክ አለ፤ ሳትቀምሱ እንዳትሄዱ።

ከእናንተ ከፊዮርዱ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። ነገ ጠዋት ስቲርሚር ወደ ሙቁ ገንዳ ይመጣል፤ ብቻዬን እንዳልሆን አብረሽኝ ነይ ብሎኛል። ስንገባ ቦታ አትልቀቁለት። እባካችሁ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ትከሻችሁ ትከሻውን እስኪነካው ድረስ ተቀመጡ፤ ያኔም ቶርፊን አስታውሱልኝ።