ሻምበል ባሻ ገብረየስ እሸቴ በጥይት አልሞቱም፦ የገፈርሳ በር የመኪና ጥገና ሠራተኞች ማህበር የሀዘን መግለጫ

ለማህበራችን አባላት፣ ለቡራዩ ነዋሪ፣ ሰበታና ሱሉልታ ላሉ የአየር ኃይል ጡረተኞች በሙሉ።

የማህበራችን መሥራችና የሁላችንም አስተማሪ ሻምበል ባሻ ገብረየስ እሸቴ ማክሰኞ ታህሳስ 5 ቀን 2008 ዓ.ም በ63 ዓመታቸው እዚሁ ጋራዣችን ውስጥ አርፈዋል። ማህበሩ በጣም አዝኗል፣ ደንግጧልም። ይሄን እንድጽፍ የታዘዝኩት ምክትል ሊቀመንበሩ ጌዲዮን ነኝ። ትምህርት ከስምንተኛ ነው ያቆምኩት። ግን በዚህ መስመር ፍሬን ላይ የሚደርስብኝ የለም፣ የሚያውቅ ያውቃል። ሙያውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ። ከትናንት ጀምሮ «ጋሽ ገብሬ በጥይት ተመቱ» የሚል ወሬ ከፎቷቸው ጋር በየስልኩ እየዞረ ነው። ውሸት ነው። ተሸክመን ጤና ጣቢያ ያደረስናቸው እኔና ባልደረባዬ አዶናይ ነን፤ ጭረት የለባቸውም። ሐኪሙ ልባቸው ነው ብሏል።

ያገለገሉት እንዲህ ነው።

በ1964 ዓ.ም ደብረ ዘይት አየር ኃይል ገብተው የጄት ሞተር ጥገና ተማሩ።

በ1969 እና በ70 በሶማሊያው ጦርነት ድሬዳዋ ሆነው ኤፍ 5 ሲጠግኑ ከረሙ። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ እጃቸውን ይከቱ ነበር፣ የግራ እጃቸው ጠባሳ የዚያ ነው። ጀግንነት ሲያወሩ ግን ሰምተን አናውቅም። ፈርተው ነበር ወይ ስንላቸው «ጄቶቹ ሲነሱ ሥራ ላይ ነኝ፣ ምን ጊዜ አለኝ። የምፈራው ሲመለሱ ነው። አራት ሄደው የሦስት ድምፅ ሲመጣ ጆሮዬን እይዝ ነበር» ይሉናል።

ከ1976 ጀምሮ አስመራ ሚግ 23 ላይ ሠሩ። በ1982 እዚያ የሆነውን ደግሞ ዛሬ ድንኳን ውስጥ የነገሩን ከሰበታ የመጡት አብራሪ ሻለቃ ሰለሞን ናቸው። የአውሮፕላን ጥገና ሰው መሣሪያው ተቆጥሮ ሳይሞላ ሞተር አያስነሳም። አንድ የተረሳ ብሎን ሞተሩ ውስጥ ከገባ አብራሪው አለቀለት። ያን ቀን አየር ማረፊያው ላይ መድፍ እየወደቀ ቶሎ ተነሱ ተባለ። ጋሽ ገብሬ አንድ ካቻቢቴ ጎደላቸው። አውሮፕላኑ ፊት ቆመው አልለቅም አሉ።

«ሽጉጥ አወጣሁበት» አሉ ሻለቃ። «መድፉን ፈርቼ ነው። ‹ግደለኝና ሂድ› አለኝ። ካቻቢቴው የሞተሩ አየር መሳቢያ ውስጥ ተገኘ።»

«ታዲያ ይቅርታ ጠየቋቸው?» አላቸው አዶናይ።

«አሥር ዓመት ቆይቼ። አብራሪ ነኛ።»

ድንኳኑ ውስጥ የተሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን የቀን ሥራ ሠርተው ልጆቻቸውን አሳደጉ። በ1988 ቡራዩ መጡ።

በ1999 ማህበራችንን ከሌሎች ስድስት ሰዎች ጋር መሠረቱ። ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱን ቁልፍና ፒንሳ ቅርጽ በቀለም ሥለው ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ባዶ ቅርጽ እያለ መኪና አይወጣም፣ ጋራዥ አይዘጋም። እኔ እስቅባቸው ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ሚኒባስ ነው እኮ፣ አይበርም» ስላቸው፣ «ፍሬኑን አንተ ከሠራኸው ይበራል» አሉኝ።

ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ እኛ ጋ ደረሰ። አስፋልቱ ላይ ጎማ ነደደ፣ ተኩስ ተሰማ። ሁላችንም ልንሮጥ ስንል እሳቸው ሰሌዳውን አዩ። ባለ 17 ቁልፍ የለም። «እናንተ ሂዱ፣ አግኝቼ እዘጋለሁ» አሉን። ሄድን።

ቁልፉ የኔ ቱታ ኪስ ውስጥ ነበር። ቤት ገብቼ ነው ያገኘሁት። ደወልኩላቸው፣ አያነሱም። ጋራዡ ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አልተመለስኩም። ቡራዩ ውስጥ የምፈራው ሰው የለም እያልኩ የኖርኩት እኔ አልጋ ሥር ገብቼ ነበር። ተኩሱ ሲቆም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአዶናይ ጋር ሄድን። መኪና ሥር ገብተን የምንሠራበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተደግፈው፣ የእጅ ባትሪያቸው እንደበራ አገኘናቸው።

ይሄን አትጻፈው ያሉኝ አባላት አሉ። ካልጻፍኩት ግን በዚያ ተኩስ መሀል ለምን ብቻቸውን እንደቀሩ የሚያስረዳ የለም፣ ወሬውም አይቆምም። ወሬው ካልቆመ ደግሞ ሰው ያልቃል። አንዳንድ ልጆች ሬሳውን ይዘን አምቦ መንገድን እንዘጋለን ብለዋል። አስፋልቱ ላይ ወታደር አለ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ወርቅውሃ «ልጆቼ፣ በሱ ቀብር ሌላ ሰው ከሞተብኝ ሁለቴ መቅበሬ ነው» ብለውናል። ሱሉልታ የሚኖሩት የድሮ የአየር ኃይል ባልደረባቸው ኦቦ ደበላም ደውለው «ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ገብሬ ዕድሜውን ሙሉ የቆጠረው የሄደው ሰው እንዲመለስ ነው። እናንተም ከቀብሩ ሁላችሁም ተመለሱ» ብለዋል።

ስለዚህ ቀብሩ ነገ ሐሙስ ታህሳስ 7 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ከቤታቸው ተነስተን በባህር ዛፉ በኩል በእግር እንሄዳለን። መፈክር የለም፣ ድንጋይ የለም፣ በስልክ መቅረጽ የለም። ዱላ የሚይዙት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ከሰበታና ከሱሉልታ የምትመጡ አባቶች መንገድ ከተዘጋ ቅሩ፣ ማንም አይቀየማችሁም።

ቤተክርስቲያኑ ጋ ለመድረስ አስፋልቱን አንድ ቦታ ማቋረጥ ግድ ነው። ወታደሮቹ የቆሙት እዚያ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ ባዶ እጁን እያሳየ ቀብር መሆኑን መናገር አለበት። በስብሰባው ማን ይሂድ ሲባል ሁሉም መሬት መሬት አየ። እኔም አየሁ። ከዚያ እሄዳለሁ አልኩ። ጉራ አይደለም፣ ይሄን ስጽፍ ራሱ ፈርቻለሁ።

ለወ/ሮ ወርቅውሃ፣ ለልጆቻቸው፣ አብረዋቸው ለዘመቱትና ሙያ ላስተማሯቸው ሁሉ ማህበሩ መጽናናትን ይለምናል።

ነገ አስፋልቱ ጋ ስቆም ከኋላዬ ቁሙ። እጄን ሳወዛውዝ ሬሳው ይለፍ። ተኩስ ብትሰሙም ሬሳውን ጥላችሁ እንዳትሮጡ፤ እኔም አልሮጥም።

የገፈርሳ በር የመኪና ጥገና ሠራተኞች ማህበር
ቡራዩ፣ ታህሳስ 6 ቀን 2008 ዓ.ም