እግርዎ መሬት ሳይደርስ ቢቀር ባለቤቴ ስለ መታሰሩ

ግንቦት 16 ቀን 1975 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለተከበሩ ጓድ አምባቸው ዳኘው
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። የክርንዎ ቁስል ደርቆ ቅርፊቱ መርገፍ መጀመሩን ባለፈው እሑድ በስብሰባው ላይ እጅዎን ሲያወጡ አይቼ ደስ ብሎኛል፤ ጉልበትዎም ደረጃ ሲወጡ እንዳያስቸግርዎ እመኛለሁ። እኔ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ የእርስዎን ደብዳቤዎች በጽሕፈት መኪና የምመታው ፀሐይወርቅ ነኝ፤ የመካኒኩ የአንዳርጋቸው ሚስት። ስድስት ዓመት የእርስዎን ቃል ስመታ ኖሬ የራሴን ስመታ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ግድፈት ቢገኝበት ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ደብዳቤውን ከሂስ ሰሌዳው ይልቅ በቀበሌው ሱቅ በር ላይ የለጠፍሁት እርስዎን ንቄ አይደለም። ሂስ ያለው ሰው ሳይፈራ በጽሑፍ ያቅርብ ብለው በድምፅ ማጉያ የነገሩን እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ሰሌዳው ያለው ግን በቢሮዎ ውስጥ ነው፣ ቢሮዎም ተቆልፎ ይውላል። ስኳርና ሳሙና የሚታደልበት በር ሰው አያጣም።

ባለቤቴ ከታሰረ ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኑ ነው። የተከሰሰውም በአሻጥር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ጥቂት ነገሮች በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ከጣሊያኑ ተቋራጭ የተወረሰው ቀይ የስፖርት ሞተር ሳይክል የሰፊው ሕዝብ ንብረት መሆኑን ብዙ ጊዜ አስረድተውናል። የሚነዱት እርስዎ ብቻ ቢሆኑም ሕዝቡ ከጥቅሙ አልተለየም፤ ሲያልፉ እናየዋለን፣ አቧራውም ይደርሰናል፣ ለዚህም እናመሰግናለን። መጋቢት ላይ ግን በሰልፍ ጊዜ ከባንዲራ ያዦቹ ጀርባ አይታዩም ብሎ አንድ ወዳጅዎ ነገረዎትና፣ የሞተሩ የኋላ ሞላዎች ወጥተው በምትካቸው ረጃጅሞች ገብተው ኮርቻው ከፍ እንዲል ወሰኑ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ቀን በፊት ቁመትዎን ልብ ብሎ ያየ ሰው አላውቅም። ቁመት የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ማንም አይጠየቅበትም፤ ሰው ሁሉ መለካት የጀመረው እርስዎ ከፍ አድርጉኝ ካሉ በኋላ ነው።

፪ኛ. ባለቤቴ ሦስት ነገር በአፉ ነግሮዎታል፤ እኔም ከመስኮቱ ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። ኋላው በአራት ጣት ከፍ ካለ ተቀምጠው እግርዎ መሬት እንደማይደርስ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ መሪው ከልክ በላይ እንደሚቀልና የፊት ፍሬኑ ሲያዝ ሞተሩ በአፍንጫው እንደሚደፋ፣ የጎን ማቆሚያውም ስለሚያጥር ሞተሩ ቆሞ እንደማይውል አስረድቶዎታል። ከፍ ብሎ መታየት የግድ ከሆነም በእግርዎ ሄደው ባንዲራውን እርስዎ ቢይዙት እንደሚሻል መክሮዎታል። እርስዎም የመካኒክ ሥራ ብሎን መፍታት እንጂ የአመራርን ሐሳብ መፈተሽ አለመሆኑን ገልጸው አሰናበቱት። እሱም ግትር ሰው ነውና በጽሑፍ ካልታዘዝሁ አልነካውም አለ።

፫ኛ. ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ በወዛደሮች ቀን፣ በዘንባባዎቹ መካከል ከሰልፉ ፊት ሆነው መጡ። አምሮብዎት ነበር፣ አልዋሽም። መድረኩ ፊት ሲደርሱ ቆመው ግራ እጅዎን ጨብጠው አነሡ። ቀኝ እግርዎ መሬት ፈለገ፣ አጣ። ሞተሩ እንደ ሰከረ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ተጋደመ፣ እርስዎም ጡጫዎን ሳያወርዱ አብረውት ተጋደሙ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሳቁን ዋጠ። ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሮጦ እግርዎን ከሞተሩ ሥር ያወጣው ባለቤቴ ነበር። እርስዎን ባነሣበት እጁ ላይ ነው ገመድ ያሳሰሩበት። በዚህ ነገር አንጀቴ አርሯል፤ በአክብሮት ልጽፈው ብዙ ሞከርሁ፣ አልሆነልኝም።

፬ኛ. አጣሪ ኮሚቴው ሞላዎቹን በሜትር ለክቶ ከቀድሞዎቹ መርዘማቸውን አረጋግጧል። ምርመራው እጅግ የተሟላ ነው፤ ጓዶቹ ስለ ድካማቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ያልተሟላው ትእዛዙን የሰጠው ማን ነው የሚለው ብቻ ነው፤ የትእዛዙ ደብዳቤ ከፋይሉ ውስጥ ጠፍቷልና። እንግዲህ እኔ ማንኛውንም ደብዳቤ ስመታ ሁለት ካርቦን እንደማስገባ ሳይዘነጉ አይቀሩም። አንዱ ግልባጭ የታይፒስቷ ነው፣ የቢሮው ደንብ እንዲህ ነው። ከዚህ ደብዳቤ በታች ለጥፌዋለሁ። «ረጃጅሞቹ ሞላዎች ያለ ምንም ተጨማሪ አስተያየት በአስቸኳይ እንዲገጠሙ» ይላል፣ ፊርማዎም አለበት። ማንበብ የሚችሉ ለማይችሉት ያንብቡላቸው።

፭ኛ. ባለቤቴ አስም አለበት። ያሰሩትም ሲሚንቶ በሚቀመጥበት መጋዘን ነው። ሐኪም ይየው ብዬ በእጄ ጽፌ ሦስት ጊዜ ያቀረብሁት ማመልከቻ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው ተብሎ ተመልሶልኛል፤ መልሱንም የመታሁት እኔው ነኝ። መጋዘኑ ከጽሕፈት ክፍሌ ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። ከማዶ እሱ ያስላል፣ ከወዲህ እኔ ስለ ሰፊው ሕዝብ ጤና መፈክር እመታለሁ። ትናንት ምሳ ሳደርስለት ስሜን ጠርቶ ሳይጨርስ ትንፋሹ አጠረው። ምግቡን ለጥንቃቄ ብለው እስከ ግማሹ የሚቀምሱለትን የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ሳላመሰግን አላልፍም።

ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ የምለምነው ካሳ አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም። ባለቤቴ ከዚያ አቧራ ውስጥ በሕይወት እንዲወጣልኝ ነው። ክረምቱ ሲገባ ከሐይቁ የሚነሣው እርጥበት በዚያ መጋዘን ላይ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ ካላወቁም ይኸው ነገርሁዎ። ነገ ቢሞት አልሰማሁም እንዳይሉኝ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። ከእርስዎ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ስለ ሰጡኝ ሥራ፣ ስለ ቀጭኗ ግድግዳና ስለ ሃያ ሦስቱ ቀናት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ደብዳቤዎችዎን በታማኝነት የመታሁ ታዛዥዎ

ፀሐይወርቅ ገብረ ኪዳን
የቀበሌው ታይፒስት

ግልባጭ፦ ለስኳር ወረፋ ተሰላፊዎች በሙሉ

ማስታወሻ፦ ሞተሩ አሁንም ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ዝቅ እንዲያደርጉት ያስጠሯቸው መካኒኮች፣ የባለቤቴ የሥራ ጓደኛ አስማማውም ጭምር፣ በጽሑፍ ካልታዘዝን አንነካም ብለው ተመልሰዋል፤ የቀድሞዎቹ አጫጭር ሞላዎች ያሉበትንም የሚያውቀው ባለቤቴ ብቻ ነው። ከደብረ ማርቆስ የሚመጡትን እንግዶች ሰኔ ሁለት ቀን በዚሁ ሞተር እየመሩ ወደ ከተማ እንደሚያስገቧቸው የሚገልጸውን ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት መትቻለሁ። የባለቤቴን የመፍቻ ደብዳቤም ሳልታዘዝ መትቼ በቢሮዎ በር ሥር አስገብቻለሁ፤ የጎደለው ፊርማዎ ብቻ ነው። ዛሬ ከፈረሙ አንዳርጋቸው በግማሽ ቀን ሞተሩን ዝቅ ያደርግልዎታል። ካልፈረሙ ግን ሕዝቡ ሰኔ ሁለት ቀንም ሳቁን እንዲውጥ የሚያዝ መመሪያ እንድመታልዎ እንዳይጠይቁኝ።